ከወንበር ስር የወደቀ የሰናይት ነው

ያረጀ የመኪና ስፖንጅ ሲቀደድ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም አልፎ አልፎ ይደርሰኛል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የወንበሩ ልባስ በአንድ በኩል ተተርትሮ ቢጫው ስፖንጅ ሲታይ፣ የአቧራና የቆየ ላብ፣ ትንሽም የብስኩት ፍርፋሪ የሚመስል ሽታ ይመጣና ጁባ፣ ሙኑኪ፣ የአባባ ዳስ ስር ይመልሰኛል። ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ በአገሩ ሰዓት አሥር መሆኑ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እኔና እማዬ ከአዲስ አበባ መጥተን ከአባባ ጋር ከተቀላቀልን ገና ሁለተኛ ሳምንታችን ስለነበር፣ ከእሱ ጎን አልለይም ብዬ ባዶ ቆርቆሮ ገልብጬ ተቀምጬ ሲሠራ እያየሁት ነበር።

አባባ የመኪና ታፒሴሪ ሠራተኛ ነበር። ሶማሌ ተራ ለሰው ተቀጥሮ ዓመታት ከሠራ በኋላ፣ በደቡብ ሱዳን ሰላም ወረደ ሲባል ከሌሎች ቀድሞ ጁባ ገብቶ፣ ሙኑኪ ውስጥ በተከራየው ግቢ ደጃፍ ላይ በቀርከሃና በሣር የተሠራ ዳስ፣ የአገሩ ሰው ራኩባ የሚለውን አቁሞ የራሱን ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ በካምፓላ በኩል ከጃፓን የሚመጡ ያገለገሉ መኪኖች በየሳምንቱ ይገቡ ነበር። አባባ የእነዚህን መኪኖች ወንበር ነቅሎ፣ ስፖንጁን ቀይሮ፣ በመሐል አንድ ረድፍ ጨምሮ፣ ለስምንት ሰው የተሠራውን ለአሥራ አራት ሰው እንዲበቃ ያደርግ ነበር። እማዬ ደግሞ በእግር በሚመታ ሲንጀር አዲሱን ልባስ ትሰፋ ነበር። የእኔ ሥራ ክር ማቀበልና የወደቀ ብሎን መልቀም ነበር።

በዚያ ቅዳሜ አባባ አንድ ወንበር ነቅሎ ሲያራግፈው፣ ከስሩ የሆነ ነገር ዘሎ እየተንከባለለ እግሬ ሥር መጣ። አውራ ጣት የሚያክል፣ ቢጫ፣ ማንኪያ የያዘ፣ ዓይኑ ከፊቱ ግማሹን የያዘበት የፕላስቲክ ሰውዬ ነበር። አባባ አንስቶ አገላብጦ አየውና በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ባለመኪና አሳየው። ባለመኪናው በጁባ ዓረብኛ «ማ ታይ!» ብሎ፣ የእኔ አይደለም ማለቱ ነው፣ ሳቀና እጁን አወናጨፈ።

«እንግዲያው ከወንበር ስር የወደቀ የሰናይት ነው» አለ አባባ፣ መዳፌ ላይ አስቀምጦልኝ።

ለጨዋታ ያህል ያለው ነበር፤ በኋላ ግን የዳሱ ሕግ ሆነ። ሕጉ ሁለተኛ ክፍልም ነበረው፤ በመኪናው ውስጥ የተለጠፈ፣ የታሰረ ወይም የተንጠለጠለ ነገር የባለመኪናው ነው፣ ማንም አይነካውም። አባባ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይነግር ነበር፤ ደንበኞቹም እየሳቁ «ኩዌስ፣ ኩዌስ» እያሉ ይስማሙ ነበር።

በዚያ የመጀመሪያው በጋ፣ ሙቀቱ የቤቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ሲያንጫጫው እየዋለ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ትንንሽ አሻንጉሊቶች አገኘሁ። ጃፓን የሚባለውን አገር ያወቅሁት በካርታ ሳይሆን ከወንበር ስር ነው። መሐሉ የተበሳ ሳንቲም፣ ድንጋይ የሆነ ከረሜላ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ማንበብ የማልችለው ጽሑፍ ያለበት እርሳስ ይገኝ ነበር፤ እኔ የምጠብቀው ግን ትንንሾቹን ነበር። ክንዱ የወለቀ ሮቦት፣ ቀሚስ የለበሰች ካሮት፣ አፍ የሌለው ግን የሚስቅ የሚመስል ድብ። የሆነ አገር ያለ ልጅ ይዟቸው ተቀምጦ፣ ከእጁ አምልጠውት፣ አልቅሶ ወይም ሳያለቅስ ከመኪናው ወርዷል፤ እነሱ ግን ባሕር ተሻግረው፣ ከኡጋንዳ ድንበር የሚመጣውን የኒሙሌን መንገድ አቋርጠው እኔ ጋ መጥተዋል። ይህን እያሰብኩ ውዬ አድር ነበር።

ትምህርት ቤት ስገባ መምህራኑ በእንግሊዝኛ፣ ልጆቹ በዓረብኛ ይናገሩ ነበር፤ እኔ ሁለቱንም አላውቅም ነበር። ካወቅሁም በኋላ አፌ አልተፈታም። ዓይን አፋር ነበርኩ፣ እንግዳ ሲመጣ ከእማዬ ማሽን ኋላ እደበቅ ነበር። ደንበኛ «ኢታ ኬፍ?» ብሎ ደህንነቴን ሲጠይቀኝ አባባ ነበር «ደህና ናት» የሚልልኝ። ትንንሾቹ ግን መልስ አይፈልጉም ነበር። በዝናብ ወራት ጎዳናው ጭቃ ሆኖ መኪና መግባት ሲያቅተውና ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ አጥቤ መስኮቱ ላይ እደረድራቸው ነበር፣ እማዬም ከተረፈ ሌዘር ትንሽ ምንጣፍ ሰፍታላቸው ነበር።

«ሌላው ጁባ መጥቶ ዶላር ይሰበስባል» ትል ነበር ለጎረቤት፣ «የኔዋ የጃፓን ልጅ የረሳውን ትሰበስባለች።»

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ቆሞ መንገዱ እንደ ደረቀ፣ አንድ ለየት ያለ መኪና መጣ። ጎኑ ላይ ሰማያዊ ዝሆን ተሥሎበታል፤ ውስጡ ያሉት ወንበሮች ደግሞ ከአባባ ጉልበት በታች ነበሩ። ባለመኪናው ካምፓላ ላይ ርካሽ ሆኖ ያገኘው ለዚህ ነበር፤ የመዋዕለ ሕፃናት መኪና ነበረ። አባባ ወንበሮቹን በሙሉ ነቅሎ የአዋቂ ወንበር ሠራለት፤ ትንንሾቹን ወንበሮች ማንም ስላልፈለጋቸው ግቢያችን ውስጥ ቀሩ፣ የሠፈሩ ልጆች ለዓመታት ተቀመጡባቸው። ከኋለኛው ወንበር ስር፣ ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ፣ በአንድ ቀን አምስት አገኘሁ። ቦት ጫማ ያደረገ ሽንኩርት፣ ዓይኑን የጨፈነ ዳቦ፣ ሻርፕ የጠመጠመ ቀንድ አውጣ፣ መነጽር ያደረገ ዓሣ፣ የምታስነጥስ ደመና። ከእነሱ ጋር እንቁላል የሚመስል ግልጽ የፕላስቲክ መያዣ ነበር፤ ውስጡ ደግሞ በአራት የታጠፈ ትንሽ ወረቀት።

ወረቀቱን ስዘረጋው አምስቱም በሥዕል ነበሩበት። ስድስተኛም ነበረበት፤ ጃንጥላ የያዘ አረንጓዴ እንቁራሪት።

እስከዚያ ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ እወድ ነበር፣ የጎደለኝ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ግን አምስቱን ስደረድር ዓይኔ የሚሄደው ስድስተኛው ሊቆም ወደሚገባው ባዶ ቦታ ነበር። ወረቀቱን ከደብተሬ ሽፋን ውስጥ ለጠፍኩት። አባባም ነገሩ ስለገባው፣ ወንበር በነቀለ ቁጥር አጎንብሶ በባትሪ እያበራ ይፈልግልኝ ጀመር፤ ቀና ብሎም «እንቁራሪቷ ዛሬም አልመጣችም» ይለኝ ነበር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ።

እዚህ ላይ ስለ አባባ መሐላ መናገር አለብኝ። አባባ ደረሰኝ አልነበረውም፣ የሚጽፍበት ወረቀትም አልነበረውም፤ የሠራው ሥራ ደግሞ በልባስ ስለሚሸፈን ውስጡ አዲስ ስፖንጅ ይሁን አሮጌ ደንበኛው ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ሰው ሲጠራጠረው መቀሱን እንደያዘ ቀኝ እጁን ያነሣና «ሰናይት ትሙት! አዲስ ነው» ይል ነበር። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ በስደት ኢትዮጵያ ውስጥ ያደጉ ስለነበሩ የዚህን መሐላ ክብደት ያውቁት ነበር፤ አማርኛ የማይሰሙትም ቢሆኑ ስሜ ሲጠራ ክርክሩ እንዳለቀ ለምደው ነበር። እማዬ ግን ማሽኑን አቁማ ትቆጣ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላ የምትምልበት አጣህ?»

«ውሸት ስለማልናገር እኮ ነው በሷ የምምለው» ይል ነበር አባባ። «በማይወደድ ነገር ቢምሉ ማን ያምናል?»

ጋትሉዋክ የመጣው በአራተኛው ዓመት፣ ማንጎ መብሰል በጀመረበት ወራት፣ ሐሙስ ጠዋት ነበር። አሥር ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ጋትሉዋክ ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ አድጎ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ አማርኛው ከእኛ የማይተናነስ፣ ራሱን ዝቅ ሳያደርግ ዳሳችን ውስጥ መግባት የማይችል ረጅም ሰው ነበር። ሚስቱና ልጁ ገና ጋምቤላ ነበሩ። መኪናው አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ነገር ግን በጎኑ፣ ከቀለሙ ስር፣ የዝሆን ጆሮ ይታይ ነበር።

«ጋሽ ተፈራ፣ አድነኝ!» አለ ገና ከመውረዱ። «ሦስት ወር ሙሉ ሰው በሕፃን ወንበር ጫንኩ። የእኛ ሰው ቁመቱን ታውቀዋለህ፤ ጉልበቱን በጆሮው አድርጎ ነው የሚሄደው። ትናንት አንድ ሽማግሌ ሲወርዱ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ልጄ፣ ክፍያዬን ግማሽ አድርግልኝ፣ ግማሼን ነው የጫንከው› አሉኝ።»

አባባ እየሳቀ ሕጉን ነገረውና በኋለኛው በር ገብቶ መለካት ጀመረ። እኔ ጆሮውን እንዳየሁ ከዚያው መዋዕለ ሕፃናት የመጣ ሌላ መኪና እንደሆነ አውቄያለሁ። የፊተኛውን ወንበር ይዤ ተንጠላጥዬ ወደ ውስጥ አየሁ። እንቁራሪቱ ከመሪው ፊት፣ መስታወቱ ሥር፣ በማስቲሽ ተለጥፎ ጃንጥላውን ይዞ ቆሞ ነበር።

ጋትሉዋክ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እኔ ከመኪናው ዙሪያ አልራቅሁም። ብጠይቀው ኖሮ፣ ሰውየው ሳይሰጠኝ ይቀር እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ለመጠየቅ አፍ ያስፈልግ ነበር። ሕጉን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀው ነበር፤ የተለጠፈ የባለመኪናው፣ የወደቀ የእኔ። በምሳ ሰዓት አባባና እማዬ ጓሮ ተቀምጠው ሲበሉ፣ እማዬ ስፌት የምትፈታበትን ቀጭን ቢላዋ ወስጄ ከእንቁራሪቱ እግር ስር አስገባሁት። ማስቲሹ እንደ ቆዳ ተላጠ። እንቁራሪቱን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩና አባባ ገና ካልነቀለው ከመጨረሻው ወንበር ስር አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ቢላዋውን መልሼ እጄን ታጥቤ ምሳዬን በላሁ።

ከሰዓት በኋላ አባባ ጮኸ። መኪና የተገለበጠ መስሏት እማዬ ከማሽኑ ተነሣች። አባባ በኋለኛው በር ብቅ ሲል ጉልበቱ አቧራ ለብሶ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ እንቁራሪቱን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር።

«መጣችልሽ! ሰናይት፣ መጣችልሽ!»

አባባ እንደዚያ ሲደሰት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ፊቱን አላየሁም፤ እጁን ብቻ አይቼ ተቀበልኩት። ዓይን አፋር መሆኔ ጠቀመኝ፣ አንገቴን ስደፋ ማንም ምንም አላለኝም።

ቅዳሜ ጋትሉዋክ መጥቶ አዲሶቹን ወንበሮች አንድ በአንድ ተቀምጦ ሞከራቸው፣ እግሩን ዘረጋ፣ ተደሰተ። ከዚያ ወደ ፊት ገብቶ ሞተር ሊያስነሳ ሲል እጁ ቆመ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ሒሳብ የማይከፍለው ተሳፋሪዬ የት ሄደ?»

አባባ አልገባውም። ጋትሉዋክ ነገረው፤ እንቁራሪቱን መኪናው ውስጥ አግኝቶ ራሱ ነው የለጠፈው፣ ኛማል ለምትባለው ልጁም በስልክ ስለ እሱ ነግሯታል፣ በደወለች ቁጥር «ዛሬ የት ደረሰ?» እያለች ትጠይቀዋለች፣ ትምህርት ተዘግቶ ስትመጣ ልትወስደው ነው። አባባ እየሰማው ወደ እኔ ዞር አለ፣ እንደገና ወደ እሱ።

«እንቁራሪት ነው? ጃንጥላ የያዘ?»

«እሱ ነው!»

«ከመጨረሻው ወንበር ስር አገኘሁት። ወድቆ። ለልጄ ሰጠኋት፤ ሕጋችንን ነግሬህ የለም?»

ጋትሉዋክ መስታወቱ ሥር የቀረውን የማስቲሽ ክብ በጣቱ ነካው። «እዚህ የተለጠፈ እንዴት እዚያ ይወድቃል?»

«የሙኑኪ መንገድ ጥርስ ያላቅቃል፣ እንኳን ማስቲሽ!»

ጋትሉዋክ አልሳቀም። ክቡን እያየ በጥፍሩ ፈቀፈቀው። ይህ አባባን ሌባ እንደ ማለት ነበር፤ አባባም እንደዚያ ነው የሰማው። ጎረቤት ያለው ጎማ ሠሪ ሥራውን አቁሞ ያያል፣ ሁለት ደንበኞች ደግሞ በር ላይ ቆመዋል። አባባ ቀኝ እጁን አነሣ።

«ሰናይት ትሙት! ወድቆ ነው ያገኘሁት። ከተለጠፈበት ያነሳው የኔ እጅ አይደለም፤ ከዚህ ቤትም የማንም እጅ አልነካውም!»

ጋትሉዋክ ወዲያው ከመኪናው ወረደ። «ኧረ ጋሽ ተፈራ! ለዚህች የልጅ ስም ይጠራል? ካላስ፣ አለቀ፣ አምኜሃለሁ።»

አባባ ወደ እኔ ዞሮ «ሂጂ አምጪለት» አለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ፤ ይወስደዋል፣ መሐላውም አብሮት ይሄዳል ብዬ። ከመስኮቱ ላይ አንስቼ ሮጬ አመጣሁ። ጋትሉዋክ ግን እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«አልወስድም። አንተ በልጅህ ምለህ እኔ ከወሰድኩት አላመንኩህም ማለት ነው። ነውር ነው። የእሷ ነው፣ ትያዘው።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ለኛማል ተሳፋሪው ወረደ እላታለሁ። እኔ ጋ ያለ ተሳፋሪ መውረዱ አይቀርም፣ እሷም ታውቃለች።»

ሄደ። አባባ ነገሩ በክብር ስላለቀ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን እንቁራሪቱን ይዤ ዳሱ መሐል ቆሜ፣ አባባ የማለው በውሸት እንደሆነ፣ ይህንንም በዓለም ላይ እኔ ብቻ እንደማውቅ፣ የማለውም በእኔ ሞት እንደሆነ ተረዳሁ። ስድስቱን ደረደርኳቸው። ባዶ ቦታ አልነበረም። ወዲያው አንስቼ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳቸው።

በዚያው ዕለት ወደ ማታ ገደማ ራሴን አመመኝ፣ ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ። ዝናቡ እየገባ ስለነበር በዚያ ወር ወባ ያልያዘው ልጅ በሠፈሩ ውስጥ አልነበረም፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሠፈሩ ክሊኒክ ነርስ ጣቴን ወግታ «ማላሪያ ነው» ስትል ስሙን ብቻ የነገረችን መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። እማዬ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እያደረገች ታለቅስ ነበር። አባባ ሥራ ትቶ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ እንቁራሪቱን እንዳየው ትራሴ ጎን አቆመልኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

የሚያስጨንቀኝ መሞቴ ብቻ አልነበረም። ከሞትኩ አባባ በእሱ ቃል እንደሞትኩ ሳያውቅ ይቀራል፣ ወይም አንድ ቀን ያውቃል። የትኛው እንደሚብስ ለመወሰን ስሞክር መድኃኒቱ እንቅልፍ ያመጣብኝ ነበር።

ረቡዕ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሐሙስ ጠዋት ተነሣሁና ወደ ዳሱ ሄድኩ። አባባ ጠረጴዛው ላይ ስፖንጅ እየቆረጠ ነበር። አልጋ ላይ ሆኜ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። ስለዚህ የእማዬን ቀጭን ቢላዋ አነሣሁ፣ እንቁራሪቱን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት፣ ቢላዋውንም ቀስ ብዬ ከእግሩ ስር አስገብቼ አነሣሁት። ከዚያ እንቁራሪቱን ይዤ ከጠረጴዛው ስር አስቀመጥኩት።

አባባ መቀሱን አስቀመጠ።

«መቼ?»

«ምሳ ስትበሉ።»

«እኔ እንዳገኘው ብለሽ?»

«አዎ።»

ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታኝም። ፊቱ ቀይ ወይም ጥቁር አልሆነም፤ ያረጀ ነው የመሰለው። እጁን በቤንዚን ታጠበ፣ ቤት ገብቶ ለቅዳሴ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሶ ወጣና እጄን ያዘ።

«ልጅቷ ገና ከበሽታ ተነሥታ ወዴት ነው?» አለች እማዬ።

«የማልኩት እኔ ነኝ» አለ አባባ። «የማልኩት ደግሞ በእሷ ሞት ስለሆነ፣ አብራኝ ትምጣና ትፍታው።»

ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ሳይክል ታክሲ ተከራይተን ሦስታችን፣ ሾፌሩ፣ እኔና አባባ ሆነን፣ ሚኒባሶች ወደሚቆሙበት ሄድን። ጋትሉዋክ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ጥላ ስር ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር። አባባ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጥ፣ ሁሉም በሚሰሙበት «መሐላዬ ልክ አልነበረም» አለ።

«ዋሸኸኝ?»

«አላወቅሁም ነበር። ግን ከዚህ ቤት የማንም እጅ አልነካውም ብዬ ምያለሁ። እጁ ይኸው።» እጄን ይዞ ከፍ አደረገው። እጄ ውስጥ እንቁራሪቱ ነበር።

ጋትሉዋክ ተንበረከከ፤ ተንበርክኮም ከእኔ ይረዝም ነበር። «ያ ቢኒያ፣ አንቺ ልጅ፣ አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ታመሽ ነበር አሉኝ።»

«አዎ» አልኩ።

«ድነሻል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው መሐላው ሊወስድሽ ሞክሮ ወንበር አጥቷል» አለ ቀና ብሎ ወደ ሾፌሮቹ። «መኪናው ሙሉ ነበር!»

ሾፌሮቹ ሳቁ። አባባ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ ግን ከዚያን ያህል ቀን በኋላ ደረቴ ውስጥ አየር በደንብ ገባ። ጋትሉዋክ እንቁራሪቱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

«አሁን ደግሞ ለኛማል ምን ልበላት? ወርዷል ብያት አልቅሳለች።»

«ዕቃ ረስቶ ተመለሰ በላት» አለ አባባ። ጋትሉዋክ ትከሻውን መታ አደረገውና ሻይ አዘዘልን።

ስንመለስ አባባ እጄን ይዞኝ በእግር ሄድን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ «ከእንግዲህ በስምሽ አልምልም» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም «በምን እንደምምል ግን አላውቅም» አለ። ለመቀለድ አልነበረም። ስፖንጁ ከልባስ ስር ነው፣ ማንም አያየውም፤ እሱ ደግሞ ከቃሉ በቀር ምንም ማስረጃ አልነበረውም።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ፤ ለሥራዬ ሁሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ፣ ሰው ሲጠራጠረኝ ወረቀቱን እልክለታለሁ። በየሱቁ የጃፓን ትንንሽ አሻንጉሊቶች ስድስቱም በአንድ ካርቶን ታሽገው ይሸጣሉ፤ አንዳንዴ ቆሜ አያቸዋለሁ እንጂ አልገዛም። እነዚህ ማንም ሳይረሳቸው የመጡ ናቸው። አምስቱ ግን አሁንም አሉኝ፤ እንደ ልጅነቴ ስድስተኛውን የምፈልግበት ዓይን የለኝም፣ ባዶ ቦታው የማን እንደሆነ አውቃለሁና። ከሁሉም ይልቅ ከዚያ ጊዜ የቀረኝ ግን ከጋትሉዋክ በተመለስን ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት የሆነው ነው።

በጠዋት አንድ ባለሚኒባስ መጣ። አባባ ከሳምንት በፊት የሠራለት ነበር፤ አዲሱን ወንበር በጡጫው እየደበደበ፣ ውስጡ አሮጌ ስፖንጅ ነው፣ አታለልከኝ እያለ በዓረብኛ ይጮህ ነበር። አባባ እንደ ልማዱ መቀሱን እንደያዘ ቀኝ እጁን አነሣ፣ አፉንም ከፈተ፤ ከዚያ እጁ በአየር ላይ ቀረ። አፉ ተዘጋ። ሰውየው ይህን ሲያይ እንዳሸነፈ ሰው ወደ ጎማ ሠሪው ዞረ። እማዬ ማሽኑን አቆመች። አባባ እጁን ቀስ ብሎ አወረደና ሊናገር የሚችለውን ነገር የሚፈልግ ይመስል ወንበሩን ተመለከተ።

ከማሽኑ ኋላ ወጣሁ። ሰውየው ፊት ቆሜ፣ ቀና ብዬ፣ «አና ሹፉ» አልኩት፣ እኔ አይቻለሁ። «ዴ ጀዲድ። አዲስ ነው። ከሱቅ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

በዚያ ዳስ ውስጥ በአራት ዓመት ለደንበኛ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ሰውየው ቁልቁል አየኝ፣ አባባን አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ። እኔም እስኪመልስልኝ ድረስ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።